የአባቴ ግራ ዓይን

ምን እንደምሠራ ሰው ሲጠይቀኝ ብዙ ጊዜ «ሆስፒታል ነው» ብዬ አልፋለሁ። ዘርዝሬ የነገርኳቸው ሰዎች ማኪያቷቸውን አስቀምጠው አፍጥጠው ያዩኛል። የማዘጋጀው የሙታንን የዓይን ብሌን ነው። ብሌን የምለው ከዓይን ፊት እንደ ሰዓት መስታወት የተደፋውን ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ለጋሹ እንዳረፈ ብዙ ጊዜ ባልደረባዬ ሄዶ ያመጣዋል፤ እኔ በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ፣ ሕዋሳቱን እቆጥራለሁ፣ አሰናድቼም ለሐኪሙ አስረክባለሁ። አንዳንዱ ታማሚ ብሌኑ እንዳለ ይተከልለታል። አንዳንዱ ግን የሚያስፈልገው የውስጠኛዋ ሽፋን ብቻ ናት። እሷን ሳልቀድ መላጥ የእኔ ሥራ ነው፤ ከሽንኩርት ልጣጭ በብዙ እጥፍ ትቀጥናለች።

የእጅ ሥራ ያየሁት ከአባቴ ነው። ፒያሳ፣ ከአንድ ወርቅ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ወርቅ ሲሠራ ኖረ። ሥራዬን ስነግረው እንደ ሌላው ሰው አልተሳቀቀም፤ «ስትልጪ ትንፋሽሽን የት ታደርጊዋለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ብሌኑን ለመለገስ ቃል የገባበትን ወረቀት የፈረመው ኬክ ቤት ተቀምጠን ነው። አብራን የነበረችው አክስቴ፣ ታናሽ እህቱ፣ አማተበች።

«ጎደሎ ሆነህ ልትነሣ ነው?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! ወርቅ ሠሪ መቼ ነው ሽርጡን ሳያራግፍ ከወንበሩ የሚነሣው? የወርቁ ብናኝ እኮ የባለቤቱ ነው» አላት።

አክስቴ ሳትወድ በግድ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አባቴ ይሞታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሞተ። አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ።

ባልደረባዬ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ብሌን ከመነሣቱ በፊት ስለ ሟቹ ጤና ቤተሰቡን መጠየቅ ግድ ነው። እኔ ራሴ ስንት ቤት ሄጄ ጠይቄያለሁ። በዚያን ቀን ግን ከተጠያቂዎቹ ወገን ሆኜ፣ ፍራሽ ላይ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ነበር።

«እማማ፣ እግዜር ያጽናዎት» አላት ጎንበስ ብሎ። «ጋሼ የሚታከሙት በሽታ ነበረባቸው? ስኳር፣ ግፊት?»

«ኧረ ምን በወጣው!» አለች እናቴ። «ራስ ምታት እንኳ አያውቀው የኔ አንበሳ! እንደ ቆመ ተወሰደብኝ!» ደረቷን ደቃች። ጎረቤቶቹም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያሉ ለቅሶውን ተቀበሏት።

አባቴ ስኳር ነበረበት። ያውም ለብዙ ዓመት። ኪኒኑን ቁም ሣጥን ውስጥ የምታስቀምጠው፣ ጠዋት ጠዋት ከውኃ ጋር የምታቀብለውም እናቴ ራሷ ነበረች። ግን ዋሸች አልልም። ለቅሶ ላይ የሟች በሽታ አይነሣም፤ ቁመናው፣ ጨዋታው፣ ደግነቱ ነው የሚነሣው። ባሏን እያወደሰች ነበር፤ ቅጽ እየተሞላ መሆኑን ከየት አምጥታ ታስታውስ? ባልደረባዬ ቀና ብሎ አየኝ። «እማዬ፣ ስኳር ነበረበት እኮ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ አባቴ ጓዳ ተጋድሟል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እናቴን ላርማት? ወደ ምንጣፉ አቀረቀርኩ። እሱም «የለም» ብሎ ጻፈ።

ስኳር ብሌን ከመለገስ አይከለክልም። ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ብሌኖች እንዳሉ ለሚተከልላቸው ሰዎች ይሰጡ ነበር። ስኳር ያለበት ሰው የውስጠኛዋ ሽፋን ግን አንዳንዴ ቦታ ቦታ ላይ ተጣብቃ ትቀራለች፤ ስትላጥ ትቀደዳለች። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ።

አባቴ ተቀበረ። የሠልስቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥኩ ባልደረባዬ ደወለ። ቀኙ ብሌን እንዳለ ለአንድ ሰው ተተክሏል፣ ሰውየውም ደኅና ነው። ግራው ደግሞ ለአንዲት መምህርት ሊላጥ ተይዟል። «እኔው እልጠዋለሁ፣ እንድታውቂው ብዬ ነው» አለኝ።

«እንዳትነካው፣ መጣሁ» አልኩት።

ለእናቴ ፋርማሲ ደርሼ ልምጣ አልኳትና ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ከምኒልክ አደባባይ ታክሲ ያዝኩ። ወያላው ጥቁር ልብሴን አይቶ ሰው አስነሥቶ ጋቢና አስቀመጠኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ ስኳሩ ለባልደረባዬ ለመንገር ቃላት ስመርጥ ነበር። እውነቴን ነው፣ ልነግረው ነበር የሄድኩት።

ስደርስ የሕዋሳቱን ቆጠራ አሳየኝ። «የአዛውንት ብሌን አይመስልም እኮ፣ እይው» አለኝ። አየሁት። ያምር ነበር። ውስጤን ኩራት ሞላው፤ እናቴ ስታለቅስ ያለችው ሁሉ እውነት መሰለኝ። በሽታ የማያውቀው፣ እንደ ቆመ የተወሰደው አባቴ! ስኳሩን ሳልናገር ቀረሁ።

«አንቺ ዛሬ እቤትሽ ነበር መሆን የነበረብሽ» አለኝ ባልደረባዬ።

«የአባቴን የመጨረሻ ጉዳይ ሌላ ሰው አይፈጽመውም» አልኩት። ያኔ ፍቅር መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ትዕቢት ነው እላለሁ።

ብሌኑን የውስጥ ወገኑን ወደ ላይ አድርጌ ትንሿ ጎድጓዳ ማስቀመጫ ላይ አኖርኩት። ጠርዙ እንዲታየኝ ሰማያዊ ቀለም አንጠባጠብኩበትና አጠብኩት። ስለት በሌለው መንጠቆ ዙሪያውን ጠርዙን አስነሣሁ። ከዚያ ፈሳሽ ሞልቼበት፣ የሽፋኗን ጫፍ በወረንጦ ይዤ ወደ መሃል መሳብ ጀመርኩ። መጀመሪያ እሺ ብላ መጣችልኝ። ሩቡ ያህል ስትላቀቅ ጠርዟ ወደ ራሷ መጠቅለል ያዘ፤ እንደዚያ ስታደርግ ደስ ይለኛል። «ጎበዝ፣ አባዬ» አልኩ ድምፄን አውጥቼ።

ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ያዘች። ማቆም ነበረብኝ። ያንን ጎን ትቶ በሌላ አቅጣጫ መጀመር ነው ደንቡ። እኔ ግን ቀስ ብዬ ብስባት ትለቃለች አልኩ። ተቀደደች። ቅዳዱ እንደ ፈረስ ኮቴ ቆልመም ብሎ ወደ መሃል ዘለቀ፤ መሃሉን ካገኘው ደግሞ ያ ሽፋን ለሰው አይሆንም። ሲቀደድ ድምፅ የለውም። እጄም አልተንቀጠቀጠም። እጄማ ቢንቀጠቀጥ ኖሮ በእሱ አሳብቤ በተጽናናሁ።

ስኳሩን ያኔ ነገርኩት። ባልደረባዬ የማይክሮስኮፑን መብራት አጠፋ። «ለሴትዮዋ ሐኪሙ ይንገራቸው» አለኝ። እኔው እነግራቸዋለሁ አልኩ።

መምህርቷ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አንደኛው ዓይናቸው ከሞራ ቀዶ ጥገና በኋላ ውኃ እየቋጠረ ጭጋግ ለብሶባቸዋል፤ ሌላኛው ከድሮም አያይም። ከክፍለ ሀገር የመጡት በዋዜማው ነው። የቀዶ ጥገናውን ልብስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በቆብ ሸፍነው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የድሮ የማንበቢያ መነጽራቸው ከነማኅደሩ ተቀምጧል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሊያደርጉት ይዘውት መጥተው ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ አይሆንም» አልኳቸው። «የመጣልዎት ሽፋን ሲዘጋጅ ተቀደደ። የቀደድኩትም እኔ ነኝ።»

እጃቸውን ዘርግተው ሲዳብሱ የእኔን ሰጠኋቸው። ያዙኝ። ከእግር እስከ ራስ ጥቁር መልበሴ አልታያቸውም።

«አይዞሽ ልጄ፣ እኔ እንደሆን ለምጄዋለሁ» አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ «የሰጡት ሰዎች ይህን ሰምተዋል?» አሉኝ።

«አልሰሙም።»

«እንዳትነግሯቸው፣ አደራ። ሐዘን ላይ ናቸው፤ ልባቸው ይሰበራል።»

«እሺ» አልኳቸው። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ያልወጣልኝ ለቅሶ እዚያ ወጣልኝ።

ቤት ስመለስ እናቴ ከለቀስተኛው መሃል በዓይኗ ጠራችኝ። ፋርማሲ እንዳልሄድኩ ገብቷታል። «ዓይኑ ለሰው ደረሰ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ደረሰ፣ እማዬ።»

«ሁለቱም?»

አይ ብላት ለምን ትለኛለች። ለምን ስትለኝ ደግሞ የምመልሰው «ራስ ምታት እንኳ አያውቀው» ብላ ባሏን ያለቀሰችበትን ቃል ነው።

«ሁለቱም» አልኳት።

እልል ልትል ከጅሏት፣ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ወራት አለፉ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ፒያሳን በእግራችን እናቋርጣለን፤ እናቴ የአላፊ አግዳሚውን ዓይን እያየች «ያ ሰውዬ ይሆን እንዴ?» ትለኛለች። ማወቅ አይቻልም፣ ሕጉ አይፈቅድም እላታለሁ። እሷም ሳትከፋ ሌላ ሰው ታያለች። ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ ከእኔ ስም ቀጥላ ለሁለቱ ትለምናለች። ስማቸውን ስለማታውቅ «ያ ልጄ፣ ያቺ ልጄ» ነው የምትላቸው። አንዱ ወንድ አንዷ ሴት መሆናቸውን ማን እንደነገራት እንጃ። «ለያቺ ልጄ የሰጠሃትን ብርሃን መልሰህ አትውሰድባት» ትላለች። መምህርቷ ዛሬም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። እኔ ከኋላዋ ቆሜ አሜን እላለሁ።