እሾሃሟና ባለ መዓዛዋ

ልጅ ሳለሁ፣ ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ምሽት በመጣ ቁጥር ደጃፋችን ላይ ኩበት ይጨስ ነበር። መንደራችን ከሸዋ ሮቢት ብዙ አትርቅም። ቆላው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት የሚመልሰው ያኔ ስለሆነ ቤት ውስጥ አያስቀምጥም፤ ውጭ ደግሞ ከሮቢ ወንዝ በኩል የሚመጣው ቢንቢ ፋታ አይሰጥም። እናቴ በጋለው ኩበት ላይ እርጥብ ቅጠል ጣል እያደረገች ጭሱን ታበዛዋለች፣ እኛ ልጆቹ ዓይናችንን እያሸን ዙሪያውን እንቀመጣለን፣ ኩራዙ በመቃኑ ላይ ተሰቅሎ የአያ ዘለቀን ግማሽ ፊት ብቻ ያበራል። ተረት ነጋሪያችን እሳቸው ነበሩ።

አያ ዘለቀ የክርስትና አባቴ ናቸው። በአርባ ቀኔ የታቀፉኝ እሳቸው፣ ማሳቸው ከማሳችን የሚዋሰን፣ አባቴ ከእናቱ ልጅ አብልጦ የሚያምናቸው ሰው ነበሩ። እስከ ዛሬ «አንቱ» እላቸዋለሁ፤ አፌ ስለለመደ እንጂ ልቤ ፈቅዶ አይደለም። ሲተርኩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ በቀጭን እንጨት ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ ነገሩ ሊያልቅ ሲል እንጨቱን አቁመው ዝም ይላሉ፣ እኛም ትንፋሻችንን እንይዛለን። እናቴ «ዛሬ ደግሞ ተረቱ የረዘመው ቂጣው ስላልበሰለ ነው» ስትላቸው እሳቸው «ቂጣሽ ነው እንጂ ባልሽማ መቼ ያስመጣኛል» ብለው ይመልሳሉ፣ አባቴም ይስቃል። አባቴ የሚስቀው ያኔ ብቻ ነበር።

ያኔ አባቴ የጣልያኖቹን ካምፕ አትክልት እንዲጠብቅ ተገዶ ነበር። ከወንዙ ቦይ እየጠለፈ የመስኖ ማሳውን ሲያጠጣ ያየው አንድ ካፒቴን «ይኼ ውሃ ያውቃል» ብሎ ወስዶት፣ በካምፑ በር ግራና ቀኝ ሁለት አበባ አስተከለው። አንዷ ጣልያኖቹ ቡገንቪላ የሚሏት፣ በእሾህ የተሞላች፣ ሽቶ የሌላት ነበረች። ሁለተኛይቱን ኦሊያንድሮ ይሏታል፤ እሾህ የሌላት፣ ቅጠሏ ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ሮዝ አበባዋ ከሩቅ የሚያውድ። የአገሬው ሰው ስማቸውን መጥራት ስላስቸገረው እሾሃሟና ባለ መዓዛዋ ብሎ ለየላቸው። ባለ መዓዛዋ በተተከለች ማግስት እንደ ሙሽራ ማበብ ጀመረች። እሾሃሟ ግን ቅጠል ብቻ ሆነች። አባቴ ጧትና ማታ ያጠጣታል፣ ሥሯን ይኮተኩታል፣ ካፒቴኑም ለምን አላበበችም እያለ ይሰድበው፣ አንዳንዴም በጥፊ ይመታው ነበር። ማታ ማታ እናቴ በእሾህ የተቧጨረ ክንዱን ቅቤ ትቀባለታለች።

«እስቲ ተዋት ይቺን መካን፤ ያቺኛይቱን ተንከባከብ» አለችው አንድ ቀን።

«ይቺኛይቱ ትሻለኛለች» አለ አባቴ። አያ ዘለቀ ፍሙን ይቆሰቁሱ ነበር።

አንድ ሰሞን የካፒቴኑ የወተት ፍየል ገመዷን በጥሳ የባለ መዓዛዋን ቅጠል በላችና ሞተች። ወሬው መንደሩን ባዳረሰ ማግስት ማታ አያ ዘለቀ አዲስ ተረት ይዘው መጡ። አንድ ንጉሥ፣ አሉ፣ በበሩ ላይ ሁለት አበቦች ነበሩት። አንዷ የምትዋጋ፣ ሌላዋ የምታውድ። ከዕለታት አንድ ቀን የንጉሡ ፍየል ሞታ ተገኘች። ንጉሡ ማን ገደላት ብሎ ቢጠይቅ ባለ መዓዛዋ «እኔ እሾህ እንኳ የለኝ፣ በምን እገድላለሁ» አለች። እሾሃሟ መልስ ስታሰናዳ አንዲት ወፍ በራ መጥታ ንጉሡ ጆሮ ላይ «እጇን እዩት፤ እሾህ ያለው እጅ ነው» አለችው። ንጉሡም እሾሃሟን ከነሥሯ አስነቅሎ እሳት ውስጥ ጣላት። ወፊቱ ግን ጎጆዋን የሠራችው ባለ መዓዛዋ ላይ ነበር።

እንጨቱ ቆመ። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ ንጉሡ ለምን ወፊቱን አንቺስ የት ነው የምታድሪው ብሎ አልጠየቃትም አልኩ። አያ ዘለቀ ሳቁና ራሴን ዳበሱኝ።

«ወፍ አይጠየቅም ልጄ» አሉ።

ጣልያን ወጣ። ያኔ መንደሩ ደስታውን ሳይጨርስ፣ ለጠላት ያደረ ማን እንደነበር ይውጣ ተብሎ አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝን ለማያውቅ ልንገር፦ ሰዉ ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ምስጢር የሚያውቅ ሰው ለዳኛው ተደብቆ ይነግራል፣ ዳኛውም የነጋሪውን ስም ሳያነሣ «ወፍ እንዲህ አለችኝ» ብሎ በአደባባይ ያወራል። ነጋሪው ወፍ ይባላል። በቀል እንዳይደርስበት ተብሎ የተሠራ ደግ ሥርዓት ነው ይላሉ።

ከግራሮቹ ጥላ ሥር ተሰበሰብን። እኔ ከእናቴ ጉልበት አጠገብ ነበርኩ። ዳኛው ተነሥቶ ወፍ ስለ ወልዴ ነገረችኝ አለ፤ ወልዴ አባቴ ነው። የጠላትን ደጅ ሲያስውብ፣ የጠላትን አበባ ሲያሳድግ ኖሯል አለ። ቀጥሎም ወፊቱ ያለችውን ቃል በቃል ተናገረ፦

«እጁን እዩት፤ እሾህ የነካው እጅ ነው።»

ቃሉን አወቅኩት። ከኩበቱ ጭስ ጋር፣ ከኩራዙ ጋር፣ ከተቆሰቆሰው ፍም ጋር አንድ ላይ ነበር የመጣብኝ። እናቴም አውቃዋለች፤ መዳፏን አፌ ላይ አደረገችው።

አባቴ እጁን ዘርግቶ አሳየ። አልካደም። ከዚያ እኛም ሰምተነው የማናውቀውን ነገር ተናገረ። የካምፑ ግምጃ ቤት ጠባቂ የነበረ አንድ አስካሪ፣ ለጣልያን የተቀጠረ ጥቁር ወታደር፣ ጥይት በጨርቅ ጠቅልሎ ያቀብለው ነበር። አባቴም ማንም ደፍሮ እጁን በማያስገባበት፣ በእሾሃሟ ሥር ይቀብረዋል። አያ ዘለቀ በገበያ ቀን ለአትክልቱ ፍግ ጭነው ይመጣሉ፣ ባዶ በሚመስለው ስልቻ ጥይቱን ይዘው ይመለሳሉ፣ ዱር ለገቡት አርበኞች ያደርሳሉ። አስካሪው ከጌቶቹ ጋር ወጥቷል። ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም። አባቴ ይህን ሲናገር አልተጨነቀም። ምስክሩ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነበር።

«አያ ዘለቀ፣ አንቱ ያውቃሉ» አለ።

አያ ዘለቀ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ጥይቱን ለአርበኞቹ ሲያደርሱ ከጠላት እጅ በጉልበቴ የነጠቅሁት ነው ብለው እንደነበር፣ በዚያም ስማቸው ለሹመት እንደተላለፈ እኛ የሰማነው በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ሲተርኩ እንደሚያደርጉት ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጋቸውን ብቻ ነው።

«እኔ ወልዴን የማውቀው» አሉ፣ «አበባ ሲያጠጣ ነው።»

ውሸት እንኳ አልነበረም።

አባቴ ወፊቱ ወጥታ ትጠየቅልኝ ብሎ ለመነ። ዳኛው ወፍ አይጠየቅም አለው። የወንዝ ዳሩ የመስኖ ማሳችን ተወስዶ ለአርበኛ ተሰጠ፤ አርበኛው አያ ዘለቀ ነበሩ። አባቴ እስኪሞት ድረስ የገዛ መሬቱን የእሳቸው ጭሰኛ ሆኖ አረሰ። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ደጃፋችን ላይ ተቀምጠው አያውቁም፤ ቂጣውም፣ ተረቱም፣ የአባቴም ሳቅ በዚያው ቀረ።

ከሁሉ የከፋው ገና የሚመጣ ነበር። ካምፑ ባዶ በቀረ በዚያው በጋ፣ ጠብታ ውሃ ያልነካት እሾሃሟ ቅጠሏ እስኪጠፋ ድረስ በወይን ጠጅ ቀለም ተቀጣጠለች። ከአጣዬ ወደ ሮቢት ገበያ የሚወርደው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያታል። «ይኸውላችሁ የባንዳው አበባ፤ እንዴት ተንከባክቧት እንደነበር ተመልከቱ» ይላል። አባቴ በዚያ በኩል ማለፍ ተወ፤ ገበያ የሚሄደው ወንዙን ዞሮ ነበር።

ትምህርት ገፋሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕግ አጠናሁ። ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቃል የሚለውን የተማርኩ ቀን ክፍሉን ለቅቄ ወጣሁ። አያ ዘለቀ ሲሞቱ ጥይት ተተኩሶላቸው፣ ሜዳሊያቸው ከሬሳው ፊት ፊት ተይዞ ሄደ። አልቀበርኩም።

ሥራ ይዤ የራሴን ግቢ ባገኘሁ ጊዜ አንዲት ቡገንቪላ ተከልኩ። አባቴ እንደሚያደርገው ጧትና ማታ አጠጣኋት፤ ቅጠል ብቻ ሆነች። በጋ ላይ ለሥራ ርቄ ሄጄ ስመለስ፣ በጥሟ ሰሞን፣ ግድግዳውን ሙሉ አብባ ቆየችኝ። ተክሏ ውሃ ስትጠግብ አታብብም፤ የምታብበው ሲጠማት ነው። እደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ውሃ የሚያውቅ የተባለው ገበሬ ይህን ሳያስተውል ቀርቶ አይመስለኝም። ያጠጣት የነበረው እንድታብብ አልነበረም። የሥሯ አፈር ለስልሶ እንዲቆይ፣ ደረቁን ቆላ መሬት ዶማ ሳያነሣ በጣቱ ምሶ እንዲቀብርበት ነበር። ስድቡንና ጥፊውን የቻለው ለዚህ ነበር። ሳታብብ ሳለች ምስክሩ ነበረች፤ ስታብብ ደግሞ መሰከረችበት። ይህን ለማን ልንገር? ዳኛው ሞቷል፣ አያ ዘለቀም ሞተዋል፣ አባቴም።

ባለፈው ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ በራቸው ላይ ከሁለቱ የትኛዋን ቢተክሉ እንደሚሻል ጠየቁኝ። ባለ መዓዛዋ ቶሎ ታብባለች፣ ደጅ ታሳምራለች፣ ግን በጓሯቸው በግ አለ፣ ልጆችም አሉ፤ ቅጠሏ ይገድላል አልኳቸው። እሾሃሟን ይትከሉ፣ ከዚያም ይርሷት አልኳቸው። ወደኔ አጥር ቀና ብለው አዩና ታዲያ የእርስዎ ለምን ቅጠል ብቻ ሆነች አሉኝ። ውሃ ስለማበዛባት ነው አልኩ። እያወቁ እንዴት ነው የሚያበዙት ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ሁሉ ምሽት የቀረኝ የአያ ዘለቀ ድምፅ ነው፤ መሬታችንን የወሰደ ሰው ድምፅ እስከ ዛሬ ከሰማሁት ሁሉ ያማረ ተረት መንገሩን ልክድ አልችልም፣ ይህም ራሱ ያንገበግበኛል። እትዬ አልማዝ ከሄዱ በኋላ ባልዲውን ሞልቼ ወጣሁ፣ እጄንም በእሾሁ መሃል አስገብቼ፣ ሥሯን አጠጣኋት።