የሀምዲያ ጢስና የብሪቱ ብሩሽ

ብሪቱን የተዋወቅኋት ተናድጄ ነው። መታወቂያ ለማሳደስ ጉርድ ፎቶ ተነስቼ ቀበሌ ብሄድ፣ ጸሐፊዋ ፎቶውንና እኔን ደጋግማ አየችና «አባት፣ የልጅዎን ሳይሆን የራስዎን ነው የምንፈልገው» አለችኝ። ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ ከመጣሁ ጀምሮ ስንት ክፍል ተማሪ ያሸበሸበው ግንባሬ ፎቶው ላይ እንደ ተላጠ እንቁላል ሆኗል! ፎቶ ቤቱ ድረስ ሄጄ ጮህኩ። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ልጅ አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ለዚህ ነው የሚመጣው» ብላ ያልተነካውን አትማ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳላያት አላልፍም፤ የማርመውን ፈተናም ብዙ ጊዜ እዚያው ይዤ እቀመጣለሁ።

ብሪቱ የመንዲ ልጅ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከወለጋ መጥታ በዚህ ፎቶ ቤት ሪታች፣ ማለትም ፎቶን በኮምፒውተር ማሳመር፣ ተማረች፤ አሁን ሠላሳን ተሻግራለች። በልጅነቷ የወጣባት ብጉር ጉንጮቿን አበሳስቷቸው ቀርቷል። ትምህርት ቤት «ወንፊት» ይሏት እንደነበር እየሳቀች ነገረችኝ። እኔ አልሳቅሁም።

«በእኔ እጅ ያለፈች ሴት ግን ማንም ስም አያወጣላትም» አለች።

እውነቷን ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ሰፊ ብሩሽ አላት፤ በእሷ ፊቱን ዳር እስከ ዳር ታብሰዋለች። ሽፍታው ይጠፋል፣ ጠባሳው ይጠፋል፣ የቆዳው ቀዳዳ እንኳ ይደፈናል። በፌስቡክ የሚወጣ የአሶሳ ቆንጆ ፎቶ ግማሹ የእሷ እጅ ነው። አንድ ቀን «ብሪቱ፣ የአሶሳን ሴት ሁሉ አንዲት እናት ወለደቻቸው እንዴ?» ብላት አኮረፈችኝ።

ከዚያ ሀምዲያ መጣች። ሀምዲያ የበርታ ተወላጅ ናት፤ ሥራዋ ሙሽራ ማዘጋጀት ነው። በርታዎች፣ ወሎዎች ወይባ እንደሚሉት ዓይነት የእንጨት ጢስ አላቸው፤ ሙሽራዋ ብርድ ልብስ ተከናንባ አርባ ቀን ትሞቀዋለች፣ በመጨረሻም ሽቶ በገባበት ሊጥ ትታሻለች። ስትወጣ ቆዳዋ የማር መልክ ይይዛል። ሀምዲያ በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። አሁን አሁን ግን ሙሽሮቹ በአንድ ሰዓት ፊት ቀብተው ወደሚለቁት ቤቶች እየሄዱ፣ የእሷ ደጃፍ ጭር ብሏል። ባሏ መንጌ ወረዳ ያርሳል።

«ከረመዳን ጾም በኋላ ሙሽራ ካልመጣ ቤት ይዘጋል፣ እኔ መንጌ ይገባል» አለች። አማርኛዋ እንዲህ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች።

ያላት ዘዴ አንድ ነበር። ራሷ አርባ ቀን ጢስ ሞቀች፣ ወርቋን አድርጋ፣ ከራስ እስከ እግር የምትጠመጠመውን ቶቧን ለብሳ አራት ፎቶ ተነሳች። ከአራቱ የሚያምረው ለፌስቡክና ለቴሌግራም ገጿ ነው። «አንተ ቆንጆ አድርግ» ብላ ለብሪቱ አደራ ሰጠቻት።

ብሪቱም ባላት ጉልበት ሁሉ ቆንጆ አደረገቻት። ሰፊዋን ብሩሽ አነሳች፣ ፊቱን አለሰለሰች። ቆዳው ላይ ያየችው ቢጫ የካሜራ ጥፋት መስሏት ከለሩንም አስተካከለችው። ፎቶው በወጣ ማግስት ስንትና ስንት ሰው ወደደው። ሁሉም የሚጽፈው ግን አንድ ቃል ነበር፤ «ምን ክሬም ነው የምትቀቢው?» የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኼው ነው።

በሦስተኛው ቀን ሀምዲያ መጣች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ብሪቱ፣ ሰው ክሬም ይጠይቃል። እኔ ክሬም የለኝም። ጢሴ የት ሄደ?»

«ቢጫ ሆኖ ነበር እኮ! ቀዳዳውም ሁሉ ይታይ ነበር» አለች ብሪቱ። «ያሳመርኩሽ መስሎኝ ነው።»

ሀምዲያ ክንዷን ዘረጋችላት። «ንካ።»

ብሪቱ ነካችው። እኔም ከተቀመጥኩበት አየሁት፤ የሚያበራ ቆዳ ነው፤ ሆኖም ጸጉር አለው፣ ቀዳዳ አለው፣ ድሮ እሾህ የጫረው መስመር አለው።

«ሙሽራ ሲታሽ የሚወጣ ይወጣል» አለች ሀምዲያ። «እድፍ ይወጣል፣ የሞተ ቆዳ ይወጣል። ያልወጣ የእሱ ነው፤ ይዞ ይሂድ።»

ብሪቱ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረች። ከዚያ ያልተነካውን ፎቶ እንደገና ከፈተች።

ያን ቀን አንድም ፈተና አላረምኩም። ብሪቱ ብሩሿን የምስር ፍሬ እስክታክል አሳነሰቻት። አገጩ ላይ የወጣችውን ትኩስ ብጉር አነሳች፤ ይህቺ በሳምንት የምትድን ናት። የእሾሁን መስመር ተወችው። ከዓይን ሥር የከበደውን ጥላ ቀዳዳዎቹን ሳትነካ ብርሃኑን ብቻ አቃለለችው። የማሩን መልክ መለሰችው። አምሮ ወጣ፤ ደስም አለን። ወደ ተሰነጠቀው ስልኬ በቴሌግራም ስትልከው ግን ያው የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሆኖ መጣ! ትልቁን ፎቶ ቴሌግራሙ እንዳሻው ጨፍልቆት፣ ያቆየችውን ሁሉ ውጦታል። ብሪቱ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለች፤ ትርጉሙን አልጠየቅሁም።

ሁለት ቀን ፈጀባት። በመጨረሻ ፎቶውን ገጹ በሚፈልገው ልክ ራሷ ቀስ በቀስ አሳነሰችው። ካነሰ በኋላ ደግሞ ቆዳው ላይ ብቻ መስመሩ እንዲጎላ ጥቂት አጠራችው፤ ሲበዛ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላልና። ከዚያም ቴሌግራም እንዳይጨፈልቀው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከችው። በእኔ ስልክ ላይ ሀምዲያ ሀምዲያን መሰለች።

ገጹ ላይ ሲወጣ ፎቶውን እንደ ፊተኛው ብዙ ሰው አልወደደውም። ግን አንዲት የባምባሲ ልጅ «ስንት ቀን ይፈጃል?» ብላ ጻፈች። ሌላዋ «እናቴ እንዲህ ነበር የምትሞቀው፤ ቤታችሁ የት ነው?» አለች። ከጾም በኋላ ሦስት ሙሽሮች ሀምዲያ ቤት ብርድ ልብስ ተከናነቡ። መንጌ መግባቱ ቀረ።

ሀምዲያ ለማመስገን መጥታ፣ «አንተ ፎቶህን ስጥ። የሠራው ሰው ይታይ» አለቻት። ብሪቱ ያላት የራሷ ፎቶ አንድ ነው፤ የዛሬ አሥር ዓመት በራሷ ብሩሽ ያለሰለሰችው። አየችውና መልሳ ዘጋችው። ካሜራውን እኔ እጅ ላይ አድርጋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አነሳኋት።

ኮምፒውተሩ ላይ ፊቷን አቅርባ አየች። ግንባሯ ላይ የወጣችውን አዲስ ብጉር አነሳች። ብሩሹ ጉንጯ ላይ ሲደርስ እጇ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይኼ ቢታሽ ይወጣል?»

«አይወጣም» አልኳት።

«የኔ ነዋ» አለችና፣ በልኩ አሳንሳ ለሀምዲያ ላከችው።