ለጀማሪዎች የተባለው ሊኑክስ

የኮምፒውተር ሆድ ሲከፈት የሚወጣው የሞቀ አቧራ ሽታ ዛሬም ከሸተተኝ፣ በስደት ከተማዬ ሪችፊልድ የነበረችው የመምህሩ ጠባብ ሳሎን ትመጣብኛለች።

ዘመኑ ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነበር። በምኖርበት ሕንፃ ውስጥ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ማስነሻ ፕሮግራም ከእኔ በፊት የነካ ሀበሻ አልነበረም። ማንም አላስተማረኝም። መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ድራይቭ እያደረግሁ፣ ቀይ መብራት ላይ ሳይቀር ማንዋል እያነበብሁ ራሴን ያስተማርሁ ሰው ነኝ።

መምህሩ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። አስመራ ውስጥ ዕድሜያቸውን በማስተማር የፈጁ ኤርትራዊ ነበሩ። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ነኝ። እንደ እሳቸው ያለ ሰው “እስቲ አስረዳኝ” ሲለኝ ደረቴ ይነፋ እንደነበር አልደብቅህም።

ኮምፒውተራቸው በየሰዓቱ ድርቅ ይል ጀመር። ውስጡ ደግሞ ለልጃቸው ብለው ሦስት ክረምት ሙሉ በሁለት ጣት የጻፉት የሕይወታቸው ታሪክ አለ። ሌላ ቅጂ የለውም። መድረቁን እንዲተው ሊኑክስ ላስገባላቸው ቃል ገባሁ።

ሁለት ዓይነት ሊኑክስ ነበረኝ። አንዱ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ነው፤ እየጠየቀ ይገባል፣ የነበረውን ሳይነካ ከጎኑ ይቀመጣል። ሌላው፣ ጽሑፉ ሁሉ የሚቀመጥበትን ዲስክ ራስህ በእጅህ ከፋፍል የሚል ከባድ ነው።

“የጀማሪው አይሻለኝም?” አሉ መምህሩ።

“መምህር! እኔ እያለሁ ምን ጀማሪ አለ?”

እውነቱን ልንገርህ። ከባዱ ከገባ በየሳምንቱ እኔን መጥራታቸው አይቀርም። የመረጥሁት ለዚያ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የበረዶው ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ ጥቁሩን ስክሪን ያፈዘዋል። ውጭ አውቶቡስ ሲቆም ፍሬኑ ይጮኻል። ማንዋሉ ላይ ያሉትን የዲስክ መከፋፈያ ቁጥሮች አንድ በአንድ ጻፍሁ። ስክሪኑ መጨረሻ ላይ ጠየቀ፦ በዲስኩ ላይ ያለው ሊጠፋ ይችላል፤ ልቀጥል?

“ጽሑፌ አለ አይደል?” አሉ ከኋላዬ።

“አለ።”

“የቱ ጋ?”

ጣቴ እሺ የምትለዋ ፊደል ላይ ቀረ። ማንዋሉ በምሳሌ ያሳየው ዲስክና የእሳቸው ዲስክ በመጠን አንድ እንዳልሆኑ ያን ጊዜ ነው የታየኝ። ዲስኩ ውስጥ የሚሽከረከረው ነገር ጆሮዬ ላይ ያፏጫል።

“አንተ፣ የቱ ጋ ነው ያልኩህ?” ድምፃቸው የመማሪያ ክፍል ድምፅ ሆነ።

“አላውቅም፣ መምህር።”

በሕይወቴ ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። እምቢ የምትለዋን ፊደል ተጫንሁ።

መምህሩ ረጅም ትንፋሽ አወጡና፣ “ተመስገን” አሉ። “ይቺን የሚል ተማሪ ስጠብቅ ነው ጡረታ የወጣሁት።”

ጽሑፋቸውን መጀመሪያ በፍሎፒ ገለበጥን። ከዚያ የጀማሪውን ሲዲ ከተትሁ። ጥያቄዎቹን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ራሳቸው አነበቡ፣ ራሳቸው መለሱ። እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ አየሁ።

“ይኼ እኮ ቀላል ነው!” አሉ እንደ ልጅ።

ከዚያ ወዲያ አልጠሩኝም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። ስልኩ ሲጮኽ እየሮጥሁ አነሳለሁ፤ እሳቸው አይደሉም። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የዚያን ወር ዝምታ ግን አልረሳሁትም።

ያ ወር እንዳለፈ አንድ ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። የብሎን መፍቻዬን ይዤ ከፈትሁ።

“ምን ተበላሸ መምህር?”

“ምንም አልተበላሸ። አንተን ብዬ ነው የመጣሁት።”

መፍቻውን ኪሴ ከትቼ ወንበር ሳብሁላቸው።