የጋሽ በርሄ ልጅ ኮምፒውተር

ለቪዲዮ ማቀናበሪያ ተብሎ ለብቻው የተሰናዳ ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ማስነሻ ሥርዓት ምን ያደርጋል እል ነበር። ፕሮግራሙን ባለው ኮምፒውተር ላይ መጫን ይበቃል።

ጋሽ በርሄ የሟች ልጃቸውን የአርባ ቪዲዮ እንድሠራላቸው አውሮራ ከተማ ወዳለው ቤታቸው ጠሩኝ። ፎቶዎቹ በልጁ ክፍል፣ በልጁ ኮምፒውተር ውስጥ ነበሩ።

«ፕሮግራም ልጫንበት፣ ጋሼ?»

«ኖ፣ ምንም እንዳትጭንበት። እሱ እንደተወው ይቆይ።»

ያደግሁት በየሰው ቤት ተጠግቼ ነው፤ የሰው ዕቃ ሳላንቀሳቅስ ማደርን በልጅነቴ ተምሬአለሁ። በማግስቱ ያን የናቅሁትን ሊኑክስ ከነማቀናበሪያው በፍላሽ ይዤ መጣሁ። ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነስቼ፣ አንድም ነገር ሳልጭንበት ቪዲዮውን ጨረስኩና ፍላሹን ነቀልኩት።

«ምንም አልነካህም?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

ከኋላዬ ወዳለው የልጃቸው አልጋ ዞር አሉ።

«እኔም እስካሁን አላነጠፍኩትም» አሉኝ።