ፔዳሉን ያስነሳሁበት ሳምንት

ከአርባ ምንጭ የወጣሁት በማለዳ አውቶቡስ ነው። ዋዜማውን እዚያው ሴቻ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነበርን። እናቴ ልትሸኘኝ ከጨንቻ ወርዳ፣ በዚያ ሙቀት ጋቢዋን አላወልቅም ብላ፣ ላብ በላብ ሆና ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። አክስቴ የጫሞ ዓሣ ጠብሳ ከዳጣ ጋር አቅርባልን ነበር፤ አንዳችንም አልነካነውም።

"ማቴዎስን ካላገኘሽ አትመለሺ አልልሽም" አለችኝ እናቴ። "ግን ጠይቂ። ያገኘሽውን ሰው ሁሉ ጠይቂ።"

ማቴዎስ ታናሽ ወንድሜ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ሽመናውን የያዘው እሱ ነበር። አንድ ደላላ ደቡብ አፍሪካ አደርስሃለሁ አለው፣ ሄደ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልን ከናይሮቢ ነው፤ "ነገ እንንቀሳቀሳለን" ብሎ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልሠራም። እኔ ደግሞ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር የማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ስቆም የኖርኩ ሰው ነኝ። ወንድሜን ፍለጋ ለመሄድ ከእኔ የተሻለ ሥራ ፈት ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

ሞያሌ ላይ ድንበሩን ስሻገር፣ አማርኛ የሚሞክር አንድ መኮንን ፓስፖርቴን ገለጠ።

"ለምን ትሄጃለሽ?"

"ወንድሜን ልጠይቅ።"

"የት ነው የሚኖረው?"

"አላውቅም።"

"የት እንዳለ የማታውቂውን ሰው ነው የምትጠይቂው?"

"አዎ።"

ማኅተሙን መታልኝና "ሦስት ወር ሰጥቼሻለሁ። አይበቃሽም" አለኝ። እውነቱን ነበር።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ናይሮቢ ሞቃት ይመስላችኋል። እኔም መስሎኝ ነበር። የደረስኩት በክረምቱ ነው፤ ጭጋጉ ጨንቻን ያስታውሳል፣ ግን ጨንቻ ሲበርድሽ የምትጠጊው ሰው አለ። ምግቡ ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎና ሱኩማ የሚሉት ጎመን ነው። ሱኩማ ሳህን ላይ ሲታይ የእኛን የሽፈራው ቅጠል፣ ሀሌኮን ይመስላል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነው። ኢስሊ በሚባለው ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ማንዳዚ፣ ማለት የእነሱን ቦምቦሊኖ፣ ስጠብስ ሰነበትኩ። ስለ ማቴዎስ ያልጠየቅሁት ሐበሻ የለም። ፎቶውን አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዳንዶቹ ሳያዩትም ይነቀንቃሉ። አንድ ቀን የፈላው ዘይት ግራ እጄ ላይ ተገለበጠ። ቁስሉ ዳነ፣ ሦስቱ ጣቶቼ ግን እንደታጠፉ ቀሩ። ሥራውም በዚያው ቀረ።

ያኔ ነው ከጋሽ ደረጀ ጋር የተገናኘነው። የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ናይሮቢ ብዙ ኖሯል። ጠበቆችና አጥኚዎች የቀዱትን ንግግር ሰምቶ በጽሑፍ የሚያስረክብ አንድ ክፍል ቢሮ አለው።

"ጋሞኛ ትሰሚያለሽ?" አለኝ።

"አፌን የፈታሁበት ነው።"

"እግዜር ነው ያመጣሽ" አለና የታጠፉትን ጣቶቼን አየ። የሰማሁትን በምስጢር እንድይዝ አንድ ወረቀት አስፈረመኝ።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ጋሞኛውን ትሰሚያለሽ፣ በአማርኛ ትጽፊያለሽ። ግን ሰው ሲናገር አይጠብቅሽም። ማቆም አለ፣ ወደኋላ መመለስ አለ፣ መጻፍ አለ፤ ሁሉም በአንድ ደህና እጅ። የአንድ ሰዓት ንግግር አራት ቀን ፈጀብኝ። ጋሽ ደረጀ "በዚህ አካሄድ ባለጉዳዩ ያረጃል" አለና ከመሳቢያው አንድ ጥቁር ፔዳል አወጣልኝ። ሦስት መርገጫ አለው፤ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ድምፁን በእግር ለማስኬድ፣ ለማቆምና ለመመለስ ነው።

"ግን ዊንዶውስ ይፈልጋል" አለ።

"የእኔ ኮምፒውተር ዊንዶውስ አይችልም፤ አሮጌ ነው። የጫንኩበት ሊነክስ ነው።" ሊነክስ በነፃ የሚገኝ፣ አሮጌ ማሽን ላይ የማይከብድ ሥርዓት ነው፤ ተማሪ ሳለሁ ዶርም ውስጥ የጫንኩት እስካሁን ይሠራል።

"ስሚ ታደሉ፣ አዲሱ ፋይል ሰኞ ይፈለጋል። ካልደረሰ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።"

ፋይሉ፣ ስደተኞችን ጭኖ ሲሄድ ብዙዎች ታፍነው ከሞቱበት የጭነት መኪና የተረፈ ሰው ምስክርነት ነበር። ለሌላ ሰው እንዲሰጥ አልፈለግሁም። ለምን እንዳልፈለግሁ ታውቃላችሁ።

ማክሰኞ ፔዳሉን ሰካሁት። ረገጥኩት፣ ምንም የለም። ለአምራቹ ኢሜይል ጻፍኩ። በማግሥቱ መልስ መጣ፦ "የሚጠቀሙበት ሥርዓት በእኛ አይደገፍም። ምርታችንን ስለመረጡ እናመሰግናለን።" እባካችሁ ሲረገጥ ምን እንደሚልክ ብቻ ንገሩኝ ብዬ መለስኩ። ያው ደብዳቤ ከነምስጋናው ተመልሶ መጣ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ፣ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ስለዚሁ ፔዳል ጠይቆ አገኘሁ። ማንም አልመለሰለትም። ከሥር ራሱ "ፈታሁት፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ጽፎ ሄዷል። እንዴት እንደፈታው አልጻፈም። ያን ሰው የረገምኩትን ያህል ደላላውንም አልረገምኩት።

ሐሙስ ኮምፒውተሩ የተሰኩበትን ዕቃዎች ሁሉ እንዲዘረዝርልኝ አዘዝኩት። ፔዳሉ አለ፤ ስም ባይኖረውም መለያ ቁጥሩ ተጽፏል። እንግዲህ ያየዋል፤ ምን እንደሚያደርገው ግን አያውቅም። ሊነክስ ውስጥ የተሰካ ዕቃ እንደ ፋይል ይከፈታል። ልከፍተው ስል "ፈቃድ የለም" አለኝ። ይህን መልስ ለመኖሪያ ወረቀት ከቆምኩባቸው መስኮቶች ሁሉ ሰምቼዋለሁ፤ እዚህ ግን አስተዳዳሪዋ እኔው ነበርኩ። የይለፍ ቃሌን አስገብቼ ከፈትኩትና መሃለኛውን ረገጥኩ። ማያው ላይ ሁለት ቁጥር ወጣ። ግራውን ስረግጥ አንድ፣ ቀኙን ስረግጥ አራት፣ እግሬን ሳነሳ ዜሮ። ሰባት ወር በሰው አገር ስጠይቅ፣ ለጠየቅሁት የመለሰልኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ቁጥሮቹን እያነበበ ድምፁን የሚያዝ አጭር ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፍኩ። ስረግጥ እንዲሄድ፣ ስለቅ እንዲቆም፣ ግራው ሦስት ሰከንድ ወደኋላ እንዲመልስ። ሠራ። ከዚያ ነቅዬ ስሰካው ዕቃው በሌላ ስም ተከፈተ፤ ፈቃዱም ተመልሶ ተዘጋ። "ይህ መለያ ቁጥር ያለው ዕቃ ሁልጊዜ በዚህ ስም ይከፈት፣ ለእኔም ይፈቀድ" የሚል ደንብ ለሥርዓቱ መጻፍ ነበረብኝ። ሁለት አኃዝ አቀያይሬ ጽፌ ኖሮ ግማሽ ቀን በከንቱ አለፈ።

በዚህ መሃል አከራዬ ማማ ንጄሪ በሩን ከፍታ ገባች።

"ቤቴ ውስጥ ልብስ ስፌት አልፈቀድኩም።"

"ስፌት አይደለም።"

"ፔዳል አያለሁ።"

"የኮምፒውተር ነው።"

"ኮምፒውተር በእጅ ነው የሚሠራው። ልጄ አለው።"

እጄን አሳየኋት። ጣቶቼን አገላብጣ አየች።

"እሺ" አለች። "የደንበኞችሽን ልብስ ግን እዚህ እንዳላይ።"

አርብ ከሰዓት ሁሉም ተስተካከለ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ አጥፍቼ አስነሳሁ፤ ፔዳሉ ታዘዘኝ። ቅዳሜ ጠዋት ምስክርነቱን ጀመርኩ።

ሰውየው ወጣት ነው። ስሙን፣ ያባቱን ስም፣ ቀበሌውን ተናገረ፤ የእኛው አገር፣ የገረሴ ወረዳ ልጅ ነው። መኪናው ከውጭ እንደተቆለፈ፣ አየሩ እንዳለቀ፣ ብረቱን በጫማቸው እንደደበደቡ፣ ሾፌሩ እንዳልቆመ ተናገረ። እግሬን እየጫንኩ፣ እየለቀቅሁ ጻፍኩ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ "አጠገቤ የጨንቻ ልጅ ነበር። ሸማኔ ነኝ ብሎኛል። ቀዳዳ አግኝቶ ነበር፤ በየተራ አፋችንን እንድናስጠጋ ያደረገው እሱ ነው። በኋላ የራሱን ተራ ለእኔ ለቀቀልኝ። ስሙ ማ..."

ድምፁን የሚቀዳው ሰው ሳል ስሙን ሸፈነው።

ግራውን ረገጥኩ። "ስሙ ማ..." ሳል። እንደገና ረገጥኩ። ሳል። ማቴዎስ ሊሆን ይችላል፤ ማርቆስም ሊሆን ይችላል። ጨንቻ ደግሞ ሸማኔ ያልሆነ ወንድ ስንት አለ? ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አላውቅም፤ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ነበር። ድምፁን አዘገየሁት፣ አጎላሁት፤ የጎላው ሳሉ ነው። በመጨረሻ በስሙ ቦታ "አይሰማም" ብዬ ጻፍኩና ቀጠልኩ።

ሰኞ ሥራውን ሳስረክብ ጋሽ ደረጀን ጠየቅሁት።

"የምስክሩ ስልክ ይኖርዎታል?"

"የፈረምሽውን ወረቀት ታስታውሻለሽ?"

"አስታውሳለሁ።"

"እንግዲያው አልጠየቅሽኝም።" ወረቀቶቹን ሲያስተካክል ቆየና፣ ቀና ሳይል "ልጁ አሁን እዚህ የለም። ወደ አገሩ መልሰውታል" አለኝ።

ለእናቴ መንገር እንደሌለብኝ አውቃለሁ። ፈርሜያለሁ፤ ሥራዬንም ላጣበት እችላለሁ። ያን ልጅ ዳግም እዚያ መኪና ውስጥ ማስገባትም ነው። ሦስት ቀን ቻልኩ። በአራተኛው ደወልኩና የምስክሩን ስምና ቀበሌ ሰጠኋት። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ቅዳሜ ወደ አርባ ምንጭ ወርዳ፣ ከዚያ የገረሴን መኪና ይዛ ሄደች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወልኩላት።

"አገኘሽው?"

"አገኘሁት። እናቱ ናት የተቀበለችኝ። የጨንቻ ሴት ነኝ፣ ልጅ ጠፍቶብኝ ነው ስላት ገብታ ጠራችው። ወጣ። ፊቴን አየኝ። እኔና ወንድምሽ እንደምንመሳሰል ታውቂያለሽ።"

"እሺ?"

"ተመልሶ ገባ።"

"ምንም ሳይል?"

"ምንም ሳይል። እናቱ ቆጮ አቀረበችልኝ። ብይ፣ ብይ አለችኝ። እጄን ይዛ እስከ መኪናው ሸኘችኝ።"

የስልክ ሒሳቤ ሊያልቅ መሆኑን ስልኩ በጩኸት ነገረኝ።

"የሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ እሄዳለሁ" አለች። "ልጁ ትናንት ለመናገር ስላልቻለ ነው።"

እሷም አልዘጋችም፣ እኔም አልዘጋሁም። ጨንቻ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ሒሳቤ አልቆ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ እሱን ሰማሁ።