ወንዙ ዘሏል

ላንቻ ባለችው ካፌያችን ስኳር ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው እኛ ጣፋጭ ስለምንወድ አይደለም። አታክልቲ ጂኦግራፊ ስለሚያስተምርበት ነው። ጡረታ ሲወጣ ሰሌዳውን ስላጣ ትሪውን በአንድ በኩል ከፍ ያደርግና ስኳር ይከምርበታል፤ ከዚያ ከላይ ውሃ ያንቆረቁራል። ውሃው ስኳሩን እየገፋ ወርዶ የገዛ መንገዱን ይደፍንና ድንገት ወደ ጎን ይፈተለካል።

«አያችሁ? ዘለለ!» ይላል፣ ገና ዛሬ እንዳየ ሰው።

«አንተ ነህ የገፋኸው» ይላል ጓደኛው ሃብተአብ።

«ጋሼ አታክልቲ፣ ኧረ ስኳሩን!» ትላለች አስተናጋጇ ሩሐማ።

ሁለቱም ያደጉት በአንድ ወንዝ ዳር ነው። ወንዙ ከተራራ ወርዶ ሁለት አገር የሚለይ፣ ሁለት አገርም የሚያጨቃጭቅ ነው። አታክልቲ ከወዲህ፣ ሃብተአብ ከማዶ ተወለዱ። የወንዙን ስም አልናገርም፤ በየሰፈራቸው ሌላ ሌላ ስም ስላለው የአንዱን ብጠራ ሌላው ያኮርፈኛል። እነሱ አገር ሲደርስ ወንዙ ለሁለት ይከፈላል፤ በመካከሉ አንድ ማሳና አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ድንበሩ ዋናው ወንዝ ነው ተብሏል፤ ዋናው የትኛው እንደሆነ ግን የሚስማማ ጠፋ። አታክልቲ እንደሚለው ውሃው ድሮ የሚሄደው ከማሳው ማዶ ነበር። አንድ ክረምት ተራራው ያወረደው ድንጋይ መሄጃውን ሞላበትና ማሳውን አልፎ ወደዚህ ዘለለ፤ ስለዚህ ማሳው የእኛ ነው ይላል። ሃብተአብ ደግሞ ወንዝ ፍየል አይደለም፣ አይዘልም ባይ ነው።

ከሾላው ሥር ባሻ ገብረዝጊ የሚባሉ ሰው ተቀብረዋል። በእነሱ ዘንድ የአያቱ አፅም ባለበት መሬት ሰው አፉን ሞልቶ ይከራከራል። ስለዚህ ሁለቱም «ባሻ ቅድመ አያቴ ናቸው» እያሉ ይማማላሉ። ክርክሩን የጀመሩት ካዛንቺስ ጎረቤት ሆነው ነው፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ከእቃቸው ጋር ጭነውት ወጡ። አታክልቲ ስንቱን ደካማ ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ ያበቃ መምህር ነው፤ ሃብተአብን ግን በሃያ ዓመት ማሳለፍ አቃተው። እልኸኛ ነው፣ አልደብቅም፤ ስለ ወንዙ የተሸነፈ ቀን የሚሞት ይመስለኝ ነበር።

አባቶቹ በወንዙ ሲነታረኩ ልጆቻቸው ተዋደዱ። የሃብተአብ ልጅ ዳግም የአታክልቲን ልጅ ደሊናን ላግባ አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ተቃቅፈው አለቀሱ። እንባቸውን እንደጠረጉ ወደ ወንዙ ተመለሱ።

ለሽምግልና የተላክነው እኔና የሁለቱም ቤት የንስሐ አባት ነን። ሃብተአብ የልጁ አባት ስለሆነ አብሮን እንዲገባ ወግ አይፈቅድለትም፤ ቢሆንም ቤት መቀመጥ አልቻለምና በር ላይ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቀናል። እኛ ወግ ነውና ቆመን ጠየቅን። አታክልቲ ፊቱ በርቶ «እሺ» ሊል ሲል አባ አቋረጡት።

«ቆይ፣ ዘር ቆጥራችኋል? እስከ ሰባት ቤት?»

«አባ፣ እኛማ የታወቅን ነን። ቅድመ አያቴ ባሻ ገብረ...» ሲል ስሙ አፉ ላይ ቀረ።

የሃብተአብም ቅድመ አያት ናቸው የተባሉት እሳቸው እኮ ናቸው! ስንት ዓመት ሲማማሉ ስንሰማ ይህን ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም።

«እንግዲያ ልጆቹ ዘመድ ናቸው» አሉ አባ ቀስ ብለው። «እኔ ዘመድ አላጋባም።»

የአታክልቲ ሚስት ፀሐይቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ደሊና ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ አባቷን ብቻ ታየዋለች። አታክልቲ ልጁን አያት፣ ከዚያ ከመቀመጫው ተነሳ።

«አባ፣ ባሻ አያቴ አይደሉም» አለ። «የእኔ ቅድመ አያት ከደጋው ወርዶ እሳቸው ዘንድ የእኩል አራሽ የነበረ ሰው ነው። በሥጋ አንገናኝም። አባቴ ሊሞት ሲል ነግሮኛል። እኔ ግን... ማለቴ፣ ያንን ካመንኩ ስለ ማሳው ምን አፍ ይኖረኛል ብዬ ዋጥኩት።»

«በዚህ ላይ ትምላለህ?» አባ መስቀላቸውን አወጡ።

«እምላለሁ! ማሳውም የሃብተአብ ነው። በቃ!»

መስቀሉን ተሳለመ። ጮክ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ነበር የተናገረው፤ እንደዚያ ቀን ኮርቼበት አላውቅም። አባ ምርቃቱን ሳይጨርሱ ፀሐይቱ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ደሊና አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

እኔ ወደ መኪናው ሮጥኩ። ሃብተአብ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ሰጡን?»

«ሰጡን። ማሳውንም ጨምረው!»

ነገሩን ሁሉ ስነግረው ይስቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን መሪውን እንደያዘ መንገድ መንገዱን ያይ ጀመር።

በሠርጉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሳለ ሃብተአብ ተነስቶ ማይክሮፎኑን ከዘፋኙ እጅ ወሰደ። ሰው ሊመርቅ ነው ብሎ ጸጥ አለ።

«ወንዙ ዘሏል!» አለ።

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ቤታችን ማሳው ዳር ነው፤ አያቴ በዓይኑ አይቶ ነግሮኛል። ድንጋዩ እየተንጋጋ ወርዶ ውሃው በጓሯችን መሄዱን ትቶ በደጃችን መጣ። እኛ ከቤታችን ሳንነሳ ነው ወንዙ ማዶ ያደረገን። አውቅ ነበር፤ እልህ ይዞኝ ነው። አታክልቲ ልክ ነው፣ ሁልጊዜም ልክ ነበር!»

አታክልቲ የሙሽሪት አባትነቱን ረስቶ ወንበር ላይ ወጣ። እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ ጣቱን ወደ ሃብተአብ ቀስሮ፣ ዕድሜውን ሙሉ ክፍል ውስጥ ሲያስተምርበት በኖረው ድምፁ ጮኸ።

«አለፍክ!»