ከንፋስ መውጫ ሰሌዳ ላይ የቀጠርኳቸው ሻጮች

ደብረ ታቦር ቅርንጫፍ ሥራ የጀመርኩት በሚያዝያ ወር፣ ሰኞ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ባሕር ዳር በነበረው፣ የመንግሥት መጽሐፍና የጽሕፈት ዕቃ አከፋፋይ መጋዘናችን ስድስት ዓመት ዕቃ ስረከብና ሳስረክብ ኖሬያለሁ። ደብተር፣ እስክሪብቶና መጽሐፍ በካርቶን ገብቶ በካርቶን ሲወጣ ከማየት በቀር ሲሸጥ አይቼ አላውቅም። በአንድ ደብዳቤ «የሽያጭ ተቆጣጣሪ» ተባልኩ። ማዕረጉ ደስ አለኝ፤ ሥራው ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ዘውዱ ይባላሉ። ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። «ተቀመጥ» ሳይሉኝ ወደ መጋዘኑ ወሰዱኝ። ካርቶን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል።

«ይኼ ሁሉ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ድርሻ ነው» አሉኝ። «እዚያ ሱቅ የለንም። አብዛኛውን አገር መኪና አይደርሰውም። ገበያ ለገበያ ተሸክሞ የሚዞር፣ ከሰው ፊት ቆሞ የሚሸጥ ሰው ያስፈልገናል። ሰዎቹን አንተ ትፈልጋለህ፤ አንተ ታሠለጥናለህ።»

«ስንት ሰው?»

«ለጊዜው ሦስት። ትምህርት ቤት ሲከፈት ይህ ካርቶን እዚሁ ቆሞ ከተገኘ ዕቃው ወደ ሌላ አውራጃ ይሄዳል፤ መስመሩም ይዘጋል። አንተም ወደ መጋዘንህ ትመለሳለህ።»

ጊዜው የመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነበር። ማታ ማታ ፊደል የቆጠሩ ገበሬዎች የምስክር ወረቀታቸውን ተቀብለው ቤታቸው ገብተዋል፤ የሚያነቡት ነገር ግን የላቸውም። አንዳንዱ የተማረውን መርሳት ጀምሮ ነበር። እኛ ዘንድ ለእነሱ ተብለው የታተሙ ትንንሽ መጻሕፍት ነበሩ፤ ስለ ከብት በሽታ፣ ስለ ሕፃናት አያያዝ፣ ስለ ንብ። መስመሩ ከተዘጋ እነዚያ መጻሕፍት እዚያ የሚደርሱበት ሌላ መንገድ አልነበረም።

በዚያ ዘመን በእኛ በኩል ሥራ ፈላጊ በጋዜጣ አያስነግርም። በወረቀት ጽፎ ቀበሌው ደጃፍ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። ስምን፣ የትምህርት ደረጃን፣ የሚገኝበትን ቤት ይጽፋል። ንፋስ መውጫ የአውራጃው ከተማ ስለሆነች ሰሌዳዋ ባዶ ሆኖ አያውቅም። በዱቄት ሙጫ የተለጠፈውን ነፋሱ ይገነጥለዋል፤ ልምድ ያለው በእሾህ ይሰካል።

እኔም ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ከሰሌዳው ፊት ቆምኩ። መለኪያዬ አንድ ነበር፤ የእጅ ጽሑፍ። ጽሑፉ ያማረ ሰው ሥራውም ያምራል ብዬ አሰብኩ። የግምጃ ቤት ሰው ነኝና ቀጥ ያለ መስመር እወዳለሁ።

ጸጋዬን የመረጥኩት እንዲያ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ወጣት ነበር። ፊደሉ የማተሚያ ቤት ይመስላል። «ለማንኛውም ሥራ ዝግጁ ነኝ» ይላል ማስታወቂያው። ሻይ ቤት ተገናኘንና ስለ ሥራው ነገርኩት። በትሕትና ሰማኝ፤ የጠየቅሁትን ሁሉ አሳምሮ መለሰ። የዕቃ መረከቢያ ቅጹን ፈርሞ የሸራ ቦርሳውን ተቀበለ። በዚያው ሰሞን ሌላ ጽሑፉ ያማረ ሰው ቀጥሬ ወደ ስማዳ ላክሁ። እሱ በሁለተኛው ሳምንት የጽሕፈት ሥራ አግኝቶ ቦርሳውን በሰው ሰደደልኝ።

ጸጋዬ ግን አልሄደም፤ አልሸጠምም። በሦስተኛው ሳምንት በገበያ ቀን ሳልነግረው ንፋስ መውጫ መጣሁ። ገበያው መሀል ፈልጌ አጣሁት። በመጨረሻ ከእህል በረንዳው ጀርባ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ቦርሳው እንደተዘጋ ነው። ከምንሸጣቸው መጻሕፍት አንዱን ያነብባል።

ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ምን ሆነህ ነው ጸጋዬ?»

«አቶ ይርጋ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም» አለ። «አብረውኝ የተማሩት አስተማሪ ሆነው፣ ጸሐፊ ሆነው በዚህ ገበያ ያልፋሉ። ተሸክሜ ስጮህ እንዲያዩኝ አልቻልኩም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። አፌ አልከፈት አለኝ።»

«ማንኛውም ሥራ ብለህ ጽፈህ አልነበር?»

«ጽፌያለሁ። ስጽፍ ግን ወንበርና ጠረጴዛ ነበር የሚታየኝ።»

ልቆጣው መጥቼ ነበር፤ መቆጣት አቃተኝ። ቦርሳውን ከፍቶ ዕቃውን አንድ በአንድ አስረከበኝ። እንዲያ የተስተካከለ ርክክብ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። መጻሕፍቱን በየዓይነታቸው ለይቶ፣ ዝርዝሩን ጽፎ ነበር የጠበቀኝ። ያንን በልቤ ያዝኩት። በኋላ ለአቶ ዘውዱ ነግሬ የቅርንጫፉ ግምጃ ቤት ጸሐፊ አስደረግሁት። መሥሪያ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ከእሱ የተሻለ ጸሐፊ አልነበረንም።

ያን ዕለት ግን ሰኔ ገብቷል፤ አንድም ሻጭ የለኝም። ተመልሼ ከሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ከታች በኩል በእሾህ የተሰካች ወረቀት አለች። ሦስት ጊዜ አይቼ አልፌአታለሁ። ፊደሉ የሕፃን ይመስላል፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ መስመሩ ወደ ታች የሚወርድ። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበብኳት።

«ስራ እፈልጋለሁ። ከወገዳ መካነ ኢየሱስ ጨውና በርበሬ ስነግድ አስር ዓመት ሆነኝ። በቅሎዬ ሞተችብኝ። መንገዱን አውቃለሁ። ማንበብ ጀምሬአለሁ። ስንታየሁ።»

ሰሌዳው አጠገብ ሻይ የምትሸጠውን ሴት «ይኼ ስንታየሁ የሚባለው ሰውዬ የት ይገኛል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የምን ሰውዬ?» አለችኝ። «ስንታየሁ ሴት ናት። እህቷ ቤት ናት፤ ላስጠራልዎት?»

መጣች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እግሯ ከመንገድ ብዛት የጠነከረ። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም።

«ማስታወቂያውን ማን ጻፈልሽ?»

«እኔው ነኝ የጻፍኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።»

«መጽሐፍ መሸጥ ትችያለሽ?»

«ሸጬ አላውቅም» አለች። «ጨው ሸጫለሁ። ጨው የማይገዛ ስለሌለ ሻጩ ብዙ ነው። እኔ ዘንድ የሚመጡት ስለማውቃቸው ነው። ከወገዳ እስከ እስቴ በየገበያው የማውቀው ሰው አለኝ። አንቱ መጽሐፉን ይስጡኝ፤ ሰዎቹ አሉኝ።»

ስልክ ቤት ሄጄ ደብረ ታቦር አስደወልኩ። አቶ ዘውዱ ሁሉንም ሰሙኝ።

«ስንተኛ ክፍል ናት?»

«መሠረተ ትምህርት የጨረሰች ናት።»

«መስፈርቱ ስምንተኛ ክፍል ነው ይርጋ። ደግሞ ሴት ናት። ስማዳ ቆላ ስትወርድ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል?»

«ከሞተችው በቅሎ ጋር አሥር ዓመት ስትወርድ ማንም አልተጠየቀም» አልኳቸው። እንዲህ አድርጌ ለአለቃ መልሼ አላውቅም ነበር።

«አንድ ገበያ አብረሃት ዋል» አሉ በመጨረሻ። «ያየኸውን በጽሑፍ አቅርብ። ኃላፊነቱ የራስህ ነው።»

ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግር ሄደን ከቤተ ልሔም ዝቅ ብላ ወደምትገኝ አነስተኛ ገበያ ወጣን። ቦርሳውን ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች። እንደ ደረስን ሸራውን አንጥፋ መጻሕፍቱን የምትደረድር መስሎኝ ነበር። አልደረደረችም። መጀመሪያ ገበያውን ዞረች። ጨው ሻጮቹን፣ ቅቤ ሻጮቹን እየሳመች የልጅ፣ የከብት ጤና ጠየቀች። በቅሎዋ መሞቷን የሰሙት አጽናኗት። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

ከዚያ ቅቤ ሻጮቹ መሀል ተቀመጠችና ስለ ጥጃ በሽታ የምትናገረውን ትንሽ መጽሐፍ አወጣች። ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ፊደል በፊደል ነው የምታነበው። አንዱን ቃል ለመጨረስ ትንፋሽ ትወስዳለች። የሚያልፉ ተማሪዎች ሳቁ። አፈርኩ፤ አቶ ዘውዱ ልክ ነበሩ አልኩ በልቤ።

አንድ ገበሬ ዱላውን ተደግፎ ይሰማ ነበር። አንድ ቃል ላይ ስትቸገር ጎንበስ ብሎ አየ።

«‹ሳንባ› ነው የሚለው» አላት።

«ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ‹ሳ›፣ ‹ን›፣ ‹ባ›። ቀጥሎ ደግሞ ‹ሲያብጥ› ይላል።» መጽሐፉን ከእጇ ወስዶ ገጹን አንብቦ ጨረሰው። ሲጨርስ ራሱም የደነገጠ መሰለ።

«አየህ፣ አንተ ከኔ ትሻላለህ» አለችው። «የቀረውን ቤትህ ጨርሰው።»

ገዛ። ሌሎችም ተጠጉ። እሷ የቻለችውን እኛስ ምን ያቅተናል የሚሉ ይመስሉ ነበር። አሳምሮ የሚያነብ ሰው ቢቀመጥ ኖሮ አድንቀውት ያልፉ ነበር።

ሰዉ ከቦ ሳለ አንድ ሸምገል ያሉ የኔታ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው መጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ወረቀት ነውና ብዙው ሰው የእሳቸውን አፍ ነው የሚጠብቀው። አንድ ክፉ ቃል ቢናገሩ በዚያ አገር ዳግመኛ ገበያ አንወጣም።

«ምንድን ነው የምታነቢው?» አሏት።

«ስለ ጥጃ ነው፣ የኔታ።»

«ስለ ጥጃም መጽሐፍ ይጻፋል?»

«ተጽፏል። ጥጃ የሌለው ማን አለ ብለው ይሆናል።»

መጽሐፉን ተቀብለው አገላበጡ። ራቅ አድርገው፣ ከዚያ ቀረብ አድርገው አዩት።

«ፊደሉ ደግ ነው» አሉ። «አንቺ ግን ‹ሠ›ን እንደ ‹ሰ› ነው የምትጽፊው መሰለኝ።»

«ሁለት መሆናቸውንም አላውቅም፣ የኔታ።»

ፈገግ አሉ። «ለልጆቹ ወረቀት አለሽ?» ብለው ለተማሪዎቻቸው ደብተር ገዙ። ከዚያ በኋላ ሰዉ በተራ አልቆመም፤ ተሻምቶ ወሰደ። ከቀትር በኋላ ቦርሳው ባዶ ነበር።

ስንመለስ መንገድ ላይ ጠየቅኋት። «ስንታየሁ፣ ያን ቃል ሆን ብለሽ ነው የተሳሳትሽው?»

«የቱን?»

«ሳንባን።»

«ኧረ እውነትም አላወቅሁትም ነበር» አለች። ትንሽ እንደ ሄድን «ካሁን በኋላ ግን አውቀዋለሁ» ብላ ሳቀች።

ያየሁትን ሁሉ ጽፌ አቀረብኩ። አቶ ዘውዱ ሁለት ጊዜ አነበቡትና «በልዩ ሁኔታ፣ በሙከራ» ብለው ፈረሙ። ክረምቱን እሷ በየገበያው ከምታውቃቸው ነጋዴዎች ጋር እየተቀባበለች ሸጠችው፤ መስከረም ሲጠባ ካርቶኑ አልቆ የመጋዘኑ ግድግዳ ታየ። አቶ ዘውዱ ባዶውን መጋዘን በር ላይ ቆመው ሲያዩ አስታውሳለሁ። ወደ ቢሯቸው ጠርተውኝ ለመጀመሪያ ጊዜ «ተቀመጥ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ሻጮች ስመርጥ ስንታየሁ አብራኝ ከሰሌዳው ፊት ትቆም ነበር። ማንበቧ ከዓመት ዓመት እየፈጠነ መጣ። ሥራ ፈላጊ ሲመጣ እኔ ስለ ትምህርቱ እጠይቃለሁ፤ እሷ ጥያቄዋ አንድ ነው። «ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ?» ትላለች። ያፈረም፣ የተቆጣም ነበር። «እንጨት ስፈልጥ»፣ «የሰው በሬ ስጠብቅ» ብሎ ሳያፍር የሚመልስ ሲመጣ ወደ እኔ ዞር ብላ ታየኛለች፤ እሱን እንቀጥር ማለቷ ነው። በዚያ መንገድ አምስት ሰው ቀጠርን። አንድ የመካነ ኢየሱስ ሙስሊም ነጋዴ ልጅ፣ አንድ የቆሎ ተማሪ የነበረ፣ ሁለት ከጦር ሜዳ የተመለሱ፣ አንዲት የስንታየሁ ጎረቤት። ቀን ቆርጠን ንፋስ መውጫ እንገናኝና ቦርሳችንን መሀል አድርገን የየገበያውን ወሬ እንጨዋወት ነበር። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ የሥራ ጓድ አላገኘሁም።

በኋለኞቹ ዓመታት የእርስ በርስ ጦርነቱ ወደ እኛ ቀረበ። መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋ ጀመር፤ ቅርንጫፉም እንዲዘጋ ታዘዘ። ቦርሳዎቹን እየዞርኩ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ስንታየሁን መካነ ኢየሱስ አገኘኋት። ቦርሳዋን አጥባ፣ የተቀደደውን ሰፍታ ሰጠችኝ።

«እንግዲህ እኔ ምን ልሁን፣ አቶ ይርጋ?»

ቦርሳውን ከሌሎቹ ጋር አስሬ ወደ አውቶቡሱ አብረን ሄድን። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል «ግድ የለም፣ ሰዎቹ እንደሆኑ አሉኝ» አለችኝ። ሰላም ከሆነ በኋላ እዚያው ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጥበት አነስተኛ ሱቅ መክፈቷን ሰማሁ። አንድ ጊዜ ሄጄ ጠይቄያታለሁ። የሚገዛው ሰው ብዙ ነበርና በቅጡ አላወራንም።

አንዳንዴ የሚቆጨኝ ሦስት ጊዜ ያለፍኳት የስንታየሁ ወረቀት አይደለችም፤ እሷን በመጨረሻ አንብቤአታለሁ። ጽሑፋቸው ስላላማረ ያለፍኳቸው ሌሎቹ ናቸው የሚቆጩኝ። ስማቸውን እንኳን አልያዝኩም።

አሁን ሰው የምትቀጥሩ ወጣቶች ብትጠይቁኝ የምላችሁ ይህን ብቻ ነው። ሥራ ፈላጊው የጻፈውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ከዚያ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቀን አብራችሁት ሥሩ።